እናቴና አሲድ የማይበግረው ብርጭቆ

የሳሙና ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እናቴን በጡረታ ሲሸኝ የሰጣት ስጦታ አንድ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ነው። ሪባን አስሮበት! «ማዘር እንደዚህ ብርጭቆ ናቸው፤ አሲድ እንኳ አይበግራቸውም» ብሎ አስጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። የእናቴ ቀኝ አውራ ጣት እንደማይታጠፍ ሰውዬው ያውቃል። ለምን እንደማይታጠፍም አሳምሮ ያውቃል።

እናቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆነውን ኮስቲክ ሶዳ ስትለካ ነው። መለኪያው ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ነው፤ መክፈቻውም ብርጭቆ። እርግጥ ነው፣ ብርጭቆው ጉደኛ ነው። ልብስ የሚበሳ አሲድ ቢያድርበት ምንም አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳ ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። የማታ ፈረቃ ሳያጥበው ጥሎት ከሄደ፣ ጠዋት መክፈቻው ተጣብቆ እንቢ ይላል። «በፕላስቲክ ይቀየርልን» ብላ አፏ እስኪደርቅ ለመነች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «አሲድ ያልነካውን ሳሙና ሊበላው ነው?» እያለ ይስቅባት ነበር። አንድ ጠዋት ስትታገለው መክፈቻው መዳፏ ውስጥ ተሰብሮ ጅማቷን በጠሰው።

ያን ስጦታ ቤት ውስጥ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ወርውሪው!» አልኳት።

«ቆይ፣ ሥራ አለው» አለችኝ።

በረንዳ ላይ ኮስቲክ ሶዳ በጥብጣ ሞላችበትና ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁማ ስታሞቀው ሰነበተች። ያ ጥርት ያለ ብርጭቆ ጉም የለበሰ መስኮት መሰለ። ይዘነው ሄድንና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ውይ ማዘር! ምን አድርገውበት ነው?»

«የእናንተን ሳሙና መሥሪያ ነው ያስቀመጥኩበት። የእኔስ አለፈ። በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ መክፈቻውን ይቀይሩላት።»

«እሺ፣ እናየዋለን» አለ። ይቺን «እናየዋለን» እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ታንገሸግሸኛለች።

በሩ ተንኳኳና እናቴን የተካችው ሠራተኛ የዕለቱን ውጤት ይዛ ገባች። ወረቀቱን የያዘችው በግራ እጇ ነው። ቀኝ መዳፏ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«መክፈቻው ነው?» አለቻት እናቴ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ሰውዬውን «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ብድግ አለች።

«አንተ!» ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። «ተነስ! ያን መክፈቻ አሁን ራስህ ታላቅቀዋለህ፣ በባዶ እጅህ!»

ሰውዬው እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ከተታቸው።