የወንድምሽ ጌም

ላፕቶፔን ለጥገና የወሰድሁት ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች አልሠራ ስላሉኝ ብቻ ነበር። ጠጋኙ ግን ፎርማት አደረገው። በዚያ ጥገና ቤት ለማንኛውም ብልሽት መድኃኒቱ ፎርማት ነው።

«ዶክመንቶችሽን በሙሉ አስቀምጬልሻለሁ» አለኝ። «የወንድምሽን ጌም ግን አጥፍቼዋለሁ። ማሽኑን ያከበደው እሱ ነው።»

ወንድም የለኝም።

ያጠፋው ኢሙሌተሬን ነው፤ የድሮ የጌም ማጫወቻዎችን ጌም በኮምፒውተር የሚያጫውተውን ሶፍትዌር። ልጅ ሳለሁ ወደ ከተማችን ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ካለ ጌም ቤት በር ላይ ቆሜ አንድ የጀብዱ ጌም አይ ነበር። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ገባ ብል «ሚጣ፣ ወንድምሽን ልትጠሪ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛ አልሄድሁም። ያንኑ ጌም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ በከረምሁበት ዓመት በኢሙሌተር አገኘሁት። ወራት ተጫውቼው የመጨረሻው ደረጃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ሳልጠነቀቅ ቀርቼም አይደለም። ላፕቶፑን ከመስጠቴ በፊት ጌሙን በፍላሽ ገልብጬ ነበር። የደረስሁበትን ሴቭ የሚያደርገው ትንሽ ፋይል ግን ለብቻው ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ አላወቅሁም።

«የኔ ነበር» አልሁ። አልተሰማም መሰለኝ፤ ደገምሁት። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር አሉ።

«ምኑ?»

«ጌሙ። የምጫወተው እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» ፈገግ አለ። «ፎልደሩ ላይ የተጻፈው እኮ የወንድ ስም ነው።»

«የማንም ስም ይጻፍበት፤ ሳትጠይቀኝ ለምን ታጠፋለህ?»

«ምን ችግር አለው፣ እህቴ? እንደገና ትጫወቺዋለሽ።»

ላፕቶፑን ይዤ ወጣሁ።

የወንዱን ስም የጻፍሁት ራሴ ነበርሁ፤ ለፎልደሩም፣ ጌሙ ውስጥ ላለው ተጫዋችም። ስክሪኔን ያየ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው። መንገዱን ሁሉ በራሴም ስናደድ ሄድሁ። ይህ ግን የሱን ጥፋት አያቀልለትም። ወንድም ቢኖረኝና ጌሙ የሱ ቢሆን ኖሮስ፣ መጠየቅ አልነበረበትም?

ቤት ገብቼ ኢሙሌተሩን እንደገና ጫንሁ፤ ጌሙን ከፍላሹ መለስሁት። ከመጀመሪያው ጀመረና የተጫዋቹን ስም ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ የራሴን መጻፍ ጀመርሁ። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስደርስ ቁልፉ አልሠራ አለ። ደጋግሜ ተጫንሁት። ላፕቶፑን ለጥገና ያስወሰዱኝን ሁለቱን ቁልፎች ጠጋኙ ጭራሽ አልነካቸውም ነበር።

ስሜ እንደተቆረጠ፣ ስክሪኑን ሳልዘጋ፣ ላፕቶፑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጥገና ቤቱ ተመለስሁ።