የአባቴ ሞተርና የበግ ፀጉር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ገበያ ዳር አንድ ሞተር ሠሪ የአየር ማጣሪያ በቤንዚን ሲያጥብ ሽታው መጣና እግሬን መንገዱ ላይ ተከለው። ሰው ሲያየኝ ስለማፍር ዕቃ የጠፋብኝ መስዬ አጎንብሼ ቆየሁ፤ ልቤ ግን በደርግ ጊዜ ወደነበረው ግቢያችን፣ አባቴ ሞተሩን ወደሚያስደግፍበት ግድግዳ ሄዶ ነበር።

አባቴ በግ ከታቢ ነበር። አንድ እግሩ ከልጅነቱ የታመመ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ አንኮበር መንደሮች የሚያደርሰው በዕድሜ እኔን የሚበልጠው የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ብቻ ነው። ጓድ ኃላፊው፣ ሞተሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ከቆመ ለሌላ ሠራተኛ ሰጥቶ አባቴን መጋዘን ጠባቂ እንደሚያደርገው ነግሮታል። ሰው ሳያይ፣ መንደር ሳይዞር ለማያድር ሰው ይህ በቁም መቀበር ነበር።

የማጣሪያው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሲረግፍ ምትክ ጠፋ። ጋራዥ የሚሠራው ጋሽ ከበደ፣ ያለ ማጣሪያ ይነዳ፣ አየር እንደልቡ ይግባለት አለ። እውነትም ለጥቂት ቀን ዳገቱን እየዘለለ ወጣው፤ ወዲያው ግን የመንገዱ አቧራ ሲሊንደሩን ፋቀው፣ ሞተሩም ዘይት እየጠጣ ነጭ ጭስ ይተፋ ጀመር። በስንት ልመና የፒስተኑ ቀለበት ተቀየረለት። ከዚያ አንድ ጠዋት አልነሳ ሲል አባቴ፣ እንደ አገሬው ሰው ሁሉ ማንኛውንም በሽታ በብርድ ያሳብብ ነበርና፣ ብርድ መትቶት ነው ብሎ የአየር መግቢያውን በወፍራም የባና ብርድ ልብስ ቁራጭ ደራርቦ ሸፈነለት። ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ከግቢያችን በር ሳያልፍ ታፈነ።

እኔ ያኔ ስድስተኛን ጨርሼ ከእናቴ ጋር የበግ ፀጉር በደጋን እነድፍ ነበር። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ ሱፍ ግን አውቃለሁ። ባናውን አፌ ላይ አድርጌ ብነፋ ዓይኔ እስኪፈጥ ትንፋሼ አላልፍ አለ፤ የተነደፈውን ሱፍ ብነፋ ግን አለፈ፣ የበተንኩበት ትቢያም የሱፉ ስብ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ስለዚህ ያልታጠበ ሱፍ ነድፌ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አስነክቼ፣ በሁለት ወንፊት ሽቦ መካከል አሳስቼ ዘረጋሁትና በባናው ቦታ አስገባሁት።

ጋሽ ከበደ ሲያየው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን ሙክት ሊያደርጉት ነው? እግረ መንገድዎን እሱንም ይከትቡት እንጂ!"

መፍቻውን ይዞ ሊያወጣው ሲጎነበስ፣ ዓይኔን ከመሬት ሳላነሳ፣ "ቢያወጡት መልሼ አስገባዋለሁ" አልኩ።

"አንቺ! ምላስም አለሽ እንዴ?"

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። አንኮበር ደርሶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ሱፉን ስናወጣው ውጪው እንደ መንገዱ አፈር፣ ውስጡ ነጭ ነበር። በየሳምንቱ እየቀየርኩለት ሁለት በጋ ሙሉ አንድ ቀን አልቆመም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣና፣ የመንግሥት ንብረት በበግ ፀጉር አይጠቀጠቅም ብሎ አስወጣው። ሞተሩ ያለ ማጣሪያ ተነድቶ፣ ክረምት ሳይገባ መንገድ ላይ ሞተ። አባቴን መጋዘን በር ላይ አስቀመጡት። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ ሞተሩን ያበላሸው የእኔ ሱፍ ነው የሚል ወረቀት ጽፈው ጠሩኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንዶች ብቻ ናቸው።

"እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እህቴ። አባትሽን አታስቸግሪው" አለ ኃላፊው።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከጽሑፋቸው ሥር፣ በዚያ በስድስተኛ ክፍል እጅ ጽሑፌ፣ "ሞተሩ የሞተው ሱፉ ከወጣ በኋላ ነው" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሞተሩ አልተመለሰም። አባቴም እስኪሞት ድረስ አንኮበርን ዳግመኛ አላየም፤ ከየመንደሩ ይዞልን ይመጣ የነበረው ወሬም አብሮ ቀረ። ኃላፊው ያችን መስመር እንድሰርዛት ሦስት ቀን አመላለሰኝ።

አልሰረዝኳትም።