ነፃው ኖታ

እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም፤ አሰላ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን አስተባባሪ ነኝ እንጂ። መዘምራኑን ያቋቋሙት ጋሽ በቀለ የአሰላ ብርድ አልስማማቸው ብሎ ልጃቸው ጋ አቦምሳ ሊሄዱ ሆነ። "በወጣትነታችን የዘመርነውን መዝሙር በአራት ድምፅ ዘምራችሁ ብትሸኙኝ ደስ ይለኛል" አሉን። ኖታው ግን ከጠፋ ቆይቷል።

መዝሙሩ ከውጭ የመጣ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። በትልቁ "የመጀመሪያው ሳምንት ነፃ" ይላል፤ በኢንተርኔት መክፈያ የባንክ ካርድ ግን ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ካርድ ያላት እህቴ መሠረት ብቻ ነበረች፤ እሷም ገንዘብ ያስሞላችው ለስኮላርሺፕ ፈተና መመዝገቢያ ነው።

"አይቆርጥም አይደል?" አለችኝ።

"ነፃ ነው እኮ የሚለው፤ አንቺም አንብቢው።"

አነበበችና ቁጥሩን አስገባች። "አውርድ" የሚለውን ስነካው ስልኳ ጮኸ። የዓመት ክፍያ ተቆርጧል! ለካ ነፃው ለማየት ብቻ ኖሯል፤ ያወረደ ሰው የዓመት ደንበኛ እንደሚሆን ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ገንዘቡን መልሱልን ብለን ብንጽፍ "ስለመረጡን እናመሰግናለን" የሚል መልስ መጣ። መሠረት ሳትመዘገብ ቀነ ገደቡ አለፈ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"በቃ፣ ጋሽ በቀለ እንኳ ይስሙት" አለች። አሳትመን ኪቦርድ ለሚጫወተው ለጫላ ሰጠነው። ወረቀቱን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ።

"ይኼ የድራሙ ክፍል ብቻ ነው" አለ። "እሱም ቢሆን አብዛኛው የእረፍት ምልክት ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አለች መሠረት።

"ዝም በሉ ማለት ነው።"