የሳጅኗ አክሲዮን

የያዙኝ ዳባት፣ ክፍል ውስጥ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ነው። ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ደባርቅ ወስደው ያስገቡኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጥጋጥጉ ላይ የገብስ ብናኝ አለ፤ ጣሪያው ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ጤዛ ያንጠባጥባል። ሴቶች ስምንት ነበርን። ከጎኔ የሚተኙት በወንድ ልጃቸው ሰበብ ከበየዳ ተይዘው የመጡ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን።

የጠባቂዎቹ አለቃ ወጣት ሳጅን ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት በበሩ ቀዳዳ የታጠፈ ወረቀት ሰደደችልኝ።

"ቲቸር፣ አክሲዮን ታውቂያለሽ አሉኝ። ይሄን እዪልኝ። ጥሩ ነው ካልሽኝ በስልኬ ከእናትሽ ጋር አገናኝሻለሁ።"

እናቴ የት እንዳለሁ አታውቅም ነበር።

ወረቀቱ በምሥረታ ላይ ያለ ኩባንያ የአክሲዮን ማስታወቂያ ነው። ሳጅኗ ያጠራቀመችውን ሁሉ ልትከትበት እንዳሰበች በቀዳዳው ነገረችኝ።

"በቀዳዳ የሚነገር አይደለም" አልኳት። "ግቢና ተቀመጪ።"

ቆይቶ ቁልፉ ዞረ። ኮፍያዋን አውልቃ ምንጣፋችን ላይ ተቀመጠች።

አንድ ስመ ጥር ባለሀብት የሚያድግ ኩባንያ የሚመርጥባቸውን ጥያቄዎች ከመጽሐፉ አጥንቻቸው ነበር። አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ትርፉ ከዓመት ዓመት አድጓል? ገና ሥራ አልጀመረም። ዕዳውስ? አልተጻፈም። ዋጋው ከዕድገቱ ጋር ይመጣጠናል? ዕድገት በሌለበት በምን ይለካል። ምን ሠርቶ እንደሚያተርፍ ባጭሩ ልትነግሪኝ ትችያለሽ? ሞከረች፤ አቃታት።

እማማ ከጋቢያቸው ብቅ አሉ። "እንዲያው ልጄ፣ ሻጮቹ ለራሳቸው ገዝተዋል? እኔ በግ ስገዛ አስቀድሜ ባለቤቱን ነው የማየው። ከመንጋው ለራሱ አንዲት እንኳ ካላስቀረ አልፈዋለሁ።"

"እሱም መጽሐፉ ውስጥ አለ" አልኩ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ሳጅኗ አልሳቀችም። "ታዲያ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

ጥሩ ነው ብላት የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አትግዢ" አልኳት።

ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። ያን ቀን ሌላ ጠባቂ ዋለ። ከፍቶኝ ነበር፣ ግን አልጸጸተኝም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኳን ይዛ መጣች። "ትቼዋለሁ" አለች፣ ሌላ ሳትጨምር። "ነይ ደውዪ።"

"መጀመሪያ እማማ ይደውሉ" አልኳት።

እማማን አየቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ለሴት ልጃቸው "አለሁ፤ ደህና ነኝ፤ አታልቅሺ" አሏት። ቀጥሎ እኔ ደወልኩ። እናቴ ስሜን ሦስቴ ጠራችኝ።

ዛሬ ተፈትቼ ዳባት ተመልሼ አስተምራለሁ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ የለም፤ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ። ከደመወዜ እየቆነጠርኩ ከአንድ አትራፊ ኩባንያ ጥቂት አክሲዮን ገዝቻለሁ፤ ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት አነባለሁ። ማንም አያቋርጠኝም። ይበቃኛል።