ገመድ የማትለቀው ሐመልማል

ሐመልማል ደርቤን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት የለም። አንደኛ ቁጭ ማለት አትችልም፤ ሁለተኛ ገመድ አትለቅም። ሁለቱንም የወረሰችው ከአባቷ ነው። አያ ደርቤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭነው ስሜን ተራራ ላይ እስካለው የጨነቅ ካምፕ ሲያደርሱና ሲመልሱ ኖረዋል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው በቅሎዋንም በባለበቅሎዎች ማኅበር ያላቸውን ተራም ለልጃቸው አስረከቡ። ምክራቸው አንድ ነበር፦ «በቅሎዋ ስትደነብር እግርሽን ትከዪ፣ ገመዱን ወደ ደረትሽ ሳቢ፣ ብትሞቺም አትልቀቂ።» በዚያ ገደል ላይ ገመድ መልቀቅ በቅሎዋን ከነጓዙ መስጠት ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንግዳው ሳሳ። ተራ በወር አንዴም አይደርስ ጀመር። ሐመልማል ያለ ሥራ መዋል ሊያሳብዳት ደረሰ። ቁጭ፣ ብድግ፤ በር ላይ ወጣ፣ ገባ። የተጠረገ ግቢ ደግማ ትጠርጋለች። የታጠበችውን በቅሎ ታጥባለች። «አንቺ ልጅ፣ ኧረ በፈጠረሽ እረፊ፣ አዞርሽኝ!» ይሏታል አባቷ። ማረፍ ቢቻላትማ መች ጠላች።

ቴዎፍሎስ የመጣው በዚህ መሀል ነው። የዳባት ልጅ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ዌክቦርድ የሚሉትን ነገር ይዞ መጣ። እግር ማሰሪያ ያለው ሰፊ ጣውላ ነው። ሰው በውሃ ላይ ከጀልባ በታሰረ ገመድ እየተጎተተ ይቆምበታል። ቴዎፍሎስ ጀልባ ከየት ያምጣ? ከዳባት በታች ባለው የመስኖ ግድብ ዳር አሮጌ የወፍጮ ሞተር ተከለ፤ ሞተሩ ገመዱን ሲጠቀልል ሰውዬውን ከመሀል ወደ ዳር ይስበዋል። ከተራራ የሚወርዱ እንግዶች ይለማመዱበታል ብሎ አሰበ። ጀማሪዎችን የሚያስተምር አንድ ሰው ፈለገ፤ አንድ ብቻ።

ሁለት ሰው ቀረበ፤ ሐመልማልና ገዱ። ገዱ ለተራራ ተጓዦች ምግብ የሚያበስል፣ ሳቂታ ጎረምሳ ነው። ቅዳሜ ከጎንደር የአስጎብኚ ድርጅት ሠራተኛ መጥታ ታያለች፤ ያን ቀን የተሻለው ይቀጠራል ተባለ። ሐመልማል ይህ ካመለጣት ወደዚያ ግቢ መጥረግ መመለሷ ነው። አልመለስም ብላ ማለች።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ነበር። ቴዎፍሎስ ከመስጠም የሚያድን ላይፍ ጃኬት አልብሶ ውሃው ላይ በጀርባዋ አንሳፈፋት። «ጉልበትሽን ሰብስቢ፣ እጅሽን ዘርጊ፣ አንቺ አትነሺ፤ ገመዱ ራሱ ያነሳሻል። ከወደቅሽ ወዲያው ልቀቂ!» አላት። ሰማች። ሞተሩ ሲነሳ ግን ክንዷ የሚያውቀውን አደረገ፤ ገመዱን ወደ ደረቷ ሳበች፣ እግሯን ተከለች። ውሃ ላይ እግር ይተከላል እንዴ? በፊቷ ተደፋች። «ልቀቂ! ልቀቂ!» ይጮኻል ቴዎፍሎስ። እሷ መልቀቅ? አፏም አፍንጫዋም ውሃ እስኪሞላ እንደ ግንድ ተጎትታ ጭቃው ላይ ተሰካች። ገዱ ግን በሦስተኛው ሙከራ ቆመ። ሲወድቅም ገመዱን እንደ ትኩስ ድንች ጣል ነው የሚያደርገው። ሐመልማል በቅናት ጨሰች።

በማግስቱ አባቷን ይዛ አውድማ ወረደች። የበሬ ቁርበት ጭድ ላይ አነጠፈች፤ በላዩ ተቀምጣ ጉልበቷን ሰበሰበች፤ ገመዱን ከበቅሎዋ ጋር አሰረች። አያ ደርቤ በቅሎዋን ሲነዱ ቁርበቱ ተንሸራተተ። መንደርተኛው ሳቀ፤ ይሳቅ! በሁለተኛው ቀን እጇን መዘርጋት ለመደች። በአራተኛው ቀን ቁርበቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። መልቀቁ ብቻ እምቢ አላት። ስትወድቅ ጭዱን እየጠረገች አብራ ትጎተታለች።

«አባባ፣ መልቀቁንስ አያስተምሩኝም?»

«እሱን ከእኔ አትጠብቂ» አሏት፤ «እኔም አላውቀው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ናዝራዊት የምትባለው የድርጅቱ ሠራተኛ መጣች። አያ ደርቤም ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረው መጡ። ውሃ አይወዱም፤ በቅሎዋን ዛፍ ሥር አስረው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ተቀመጡ።

ገዱ ጀመረ፤ ተነሳ፣ ተንሸራተተ፣ ቀይ ጀሪካን ከተንሳፈፈበት የመልቀቂያ ምልክት ሲደርስ ገመዱን ለቆ በቀስታ ውሃው ውስጥ ገባ። ተጨበጨበለት። ሐመልማል ቀጠለች። ሞተሩ ሳበ፤ እጇን ዘረጋች፤ ቆመች! ውሃው ከሥሯ ሸሸ፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ጀሪካኑ መጣ። «ልቀቂ!» ጀሪካኑ አለፈ። «ሐመልማል፣ ልቀቂ!» አለቀቀችም፤ ከነጣውላው ዳር ላይ ወጥታ ጭቃ ውስጥ ተዘረረች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ስትነሳ ከጭቃው በላይ ያቃጠላት እንባዋ ነበር። ቴዎፍሎስ አላያትም፤ የገዱን ትከሻ መታ መታ እያደረገ ነበር።

ናዝራዊት «እኔም ልሞክር» አለች። አስተማሪው ገዱ ሆነ። ወደቀች፤ ገመዱን እንደያዘች ተጎተተች። ደገመች፤ ያው። «ልቀቂያ! ምን ያስቸግራል?» ይላል ገዱ፤ እሱ እኮ ምን እንደሚያስቸግር አያውቅም። በሦስተኛው ሴትየዋ አለቀሰች፤ ይብቃኝ አለች።

ሐመልማል ቁጭ ብላ ማየት የምትችል መሰላችሁ? ከነጭቃዋ ውሃው ውስጥ ገብታ የናዝራዊትን እጅ ያዘች። ጣቶቿ የገመዱን እጀታ ጨምድደው ነጥተዋል። እነዚያን ጣቶች ታውቃቸዋለች።

«የኔ እመቤት፣ ልቀቂ ሲሉሽ ይብሳል አይደል?»

«በጣም!»

«እንግዲያው መልቀቁን ተዪው። ስትወድቂ አጨብጭቢ። ዝም ብለሽ እንደ ሠርግ ቤት አጨብጭቢ።»

ይህን ከየት እንዳመጣችው ራሷም አታውቅም። ሞተሩ ተነሳ፤ ናዝራዊት ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች፤ እጇን ጧ! አደረገች። ገመዱ ብቻውን ሄደ። ሴትየዋ ከውሃው ብቅ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

ዳር ስትደርስ ቴዎፍሎስን «እንግዶቼን የምታስተምረው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» አለችው። ገዱም አልተቀየመ፤ እኔማ ወጡን ልሥራ ብሎ ሳቀ።

ሐመልማል ግን ደስታውን ዋጥ አድርጋ ጣውላውን አነሳች። «ራሴ ያልቻልኩትን ምን ብዬ አስተምራለሁ? ሞተሩን አስነሳው» አለች ቴዎፍሎስን። ገባች። ቆመች። ጀሪካኑ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና አጨበጨበች።

አያ ደርቤ ዘወር ያሉት ያን ጊዜ ነው። ያዩት ገመዱን ብቻ ነው፤ ባዶውን ወደ ዳር ሲመጣ። ጋቢያቸው ወደቀ። ዋና የማያውቁት ሰውዬ «ልጄን!» እያሉ ውሃው ውስጥ ገቡ፤ እስከ ደረታቸው ደረሰ፤ አልቆሙም።

«አባባ! ይቁሙ፣ ደኅና ነኝ!» በእጇ እየቀዘፈች ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች። «ለቀቅኩት እኮ አባባ! ለቀቅኩት!»

ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይኗን፣ ግንባሯን፣ ጸጉሯን ዳበሱ፤ እንባቸው ወረደ።

«እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» አሉ፤ ከዚያ ቁጣቸው መጣ። «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!»