ጋሽ ሰይድ ያጠበቀው ብሎን

ካፊያ በጣለ ቀን በነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ፣ የቤንዚንና የእርጥብ አፈር ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ የአባዬ ካፖርት ሽታ ነውና ሳላስበው ቆም እላለሁ። በደርግ ጊዜ አባዬ ባሕር ዳር ውስጥ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ሞተር ብስክሌት፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ከኋላው አስሮ፣ አንድ ቀን ዘንዘልማ፣ ሌላ ቀን መሸንቲ ሲል ይውል ነበር። እሱ ረጅም፣ የሞተሩ መሪ ደግሞ ዝቅ ያለና የራቀ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ነድቶ ሲገባ ወገቡን ማቃናት እያቃተው፣ ጣና ዳር ባለችው የቀበሌ ቤታችን ወለል ላይ ይንጋለል ነበር፤ እማዬም ጨው በጨርቅ ቋጥራ እያሞቀች ወገቡን ትተኩስለት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወዳጁ ጋሽ ሰይድ መላ አመጣ። ጋሽ ሰይድ ከኮምቦልቻ መጥቶ ዓባይ ማዶ ብረት እየበየደ የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። አባዬን ሞተሩ ላይ አስቀመጠና «ዓይንህን ጨፍን። በል አሁን እጅህን ደስ ባለህ ቦታ ዘርጋ» አለው፤ አባዬ እንደ ሕፃን ጨፍኖ ዘረጋ፤ ጋሽ ሰይድም ከመሪው እስከ መዳፉ ያለውን ርቀት በሲባጎ ለካ። ከዚያ ሁለት አጫጭር ብረት በይዶ መሪውን ከፍ አደረገው፣ ወደ ነጂውም ሳበው፣ በአራት ብሎን አስሮም ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው።

«የመንግሥት ንብረት ለምን ነካህ እንዳይሉህ ብቻ» አለ እጁን እየጠረገ።

«ወገቤስ የማን ንብረት ነው?» አለ አባዬ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ይገባ ጀመር።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አሥር ዓመቴ ነበር። አባዬ ክንዱን ከፍ አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ፣ ልጆቹ «ቀንዳሙ መጣ! ቀንዳሙ!» እያሉ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ይቀስሩ ነበር። እሱ ሰላምታ መስሎት እጁን ያነሣላቸው ነበር፤ እኔ ግን አጥሩን ተከልዬ እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር።

አንድ እሑድ እሱና እማዬ ቅዳሴ ሄደው ሳለ፣ መሪው እንደ ሌሎች ሞተሮች ዝቅ እንዲል ብዬ፣ ከመቀመጫው ሥር መፍቻውን አውጥቼ ብሎኖቹን እንደምንም ፈታሁ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልሁበት። ገና ዘንበል ሲል የእማዬን ድምፅ ከአጥር ውጭ ሰማሁ፤ ደንግጬ መሪውን ወደ ነበረበት መለስሁ፣ ብሎኖቹንም አዟዙሬ መፍቻውን ከቦታው አኖርሁ። ያዟዟርኋቸው ግን በጣቴ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልንገረው አልንገረው ስል ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ከዘንዘልማ ወዲህ ቁልቁለቱ ላይ መሪው እጁ ላይ ዞረ። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ቀኝ ክንዱ ክርኑ ላይ ተሰብሮ ነበር፤ ሐኪሙም ወጌሻውም የቻሉትን አደረጉ፣ ክንዱ ግን ከዚያ ወዲያ ተዘርግቶ አያውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ጓድ፣ መሪውን ማን ነው የቀየረው?» ብለው ሲጠይቁት «ራሴ ነኝ» አለ እንጂ የጋሽ ሰይድን ስም አላነሣም። ሞተሩን ወስደው እሱን ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡት።

ጥቅምት ላይ፣ በዚያ ስኳር በጠፋበት ጊዜ፣ ጋሽ ሰይድ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ ሊጠይቀው መጣ። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወላሂ አጥብቄው ነበር» አለ ጋሽ ሰይድ።

«ታዲያ ማን ፈታው?»

ጋሽ ሰይድ ስኳሩን መደቡ ላይ አኖረ። እኔ ለእሱ ውኃ ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ የፈታሁት» ማለት ሲገባኝ ኩባያውን ብቻ ዘረጋሁለት። ውኃውን ተቀብሎኝ ጠጣና «እደጊ፣ ልጄ» ብሎኝ ወጣ።

በጋውን ሁሉ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ደፍተው ይተላለፉ ነበር። ወሬውም ዓባይ ማዶን አዳረሰ፤ «ሰው ያሰበረ» እያሉ ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ጋሽ ሰይድ ክረምቱ ሳይገባ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ።

ለአባዬ የነገርሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ተምሬ ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ነው። እሱም «እኔስ አባትሽ ነኝ፤ እሱ ግን ምን በደለሽ?» አለኝ። በነጋታው በደህናው እጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ኮምቦልቻ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። በሳምንቱ ተመልሶ፣ ጋሽ ሰይድ ከሁለት ዓመት በፊት ማረፉን ነገረኝ። ባለቤቱ ምሳ አቅርባለት፣ ነገሩን ስትሰማ አልቅሳ እንዲህ አለችው፦ «እሱ እኮ ‹እጄ ከድቶኝ ይሆናል› እያለ ነው የሞተ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ብሎን ሦስት ጊዜ ሳያጠብቅ ከሥራው አይነሣም ነበር።»

አሁን ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ያኔ ማሳ የነበረው ሁሉ ቤት ተሠርቶበታል። ልጄ ሳህን የሰበረች ቀን ሮጣ መጥታ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ትለኛለች፤ እኔም «አይዞሽ» እላታለሁ። ያኔ እኔም ብናገር አባዬ እንዲሁ ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ግን፣ እንደማይቆጣኝ ያኔም ማወቄ ነው።