ዋቢ ሆነው የመጡት የነፍስ አባቴ

የማመልከቻው ቅጽ መጨረሻ ላይ፣ ስለ እኔ የሚመሰክሩ የሦስት ሰዎች ስምና ስልክ ይሞላ ይላል። ስም ሞልቷል። የስልኩ ነገር ግን አይነሳ፤ ፃግብጂ ወረዳ ውስጥ ያለችው የእኛ ቀበሌ ኔትወርክ የላትም። ይህንን ለአባቴ ነገርኩት። ምናለ ዝም ብል ኖሮ!

ሥራው ሰቆጣ ባለ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ መረጃ መመዝገብ ነበር። ከኮሌጅ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጫለሁ። ጎረቤት «እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?» ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይኼም ካመለጠኝ አባቴ ባል ሊፈልግልኝ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ ቢሮው በር ላይ ባጃጅ ቆመች። አባቴ ወረደ፤ ቀጥሎ የቀበሌያችን ሁለት ሽማግሌዎች፤ በመጨረሻ መስቀላቸውን እንደያዙ የነፍስ አባቴ። ስልክ ከሌለ ሰዎቹን ራሳቸውን ማምጣት ነው ብሎ፣ ከአገር ቤት እስከ መኪና መንገዱ በእግር አስኪዷቸዋል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ኃላፊና አንድ የሰው ኃይል ባለሙያ። ባለሙያው እነ አባቴን አይቶ ሳቁን መዋጥ አቃተው። ኃላፊዋ ግን ወንበር አስመጣችና፣ ይህን ሁሉ መንገድ ከመጡማ እንጠይቃቸው አለች። ሽማግሌዎቹ ከዘር ማንዘሬ ጀምረው አመሰገኑኝ። ከዚያ ባለሙያው ወደ ነፍስ አባቴ ዞሮ ድክመቴን ጠየቃቸው። አባ ብዙ አሰቡ።

«አውቀዋለሁ ልጄ፤ ግን አልናገረውም» አሉ።

ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ፤ ሰው የገደልኩ ሳይመስለው አልቀረም። አባቴ ራሱ አየኝ! እኔም ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ የተናዘዝኩትን አንድ በአንድ ማስታወስ ያዝኩ፤ ጾም ከመግደፍና ጎረቤት ከማማት የከፋ አላገኘሁም።

ኃላፊዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፣ እስቲ ጠንካራ ጎንሽን አንቺ ንገሪን አለችኝ። እኛ ዘንድ ራሱን የሚያመሰግን ሰው ነውረኛ ነው፤ ያውም ትልልቅ ሰዎች ፊት! አንገቴን ደፋሁ። ባለሙያው «በራስ መተማመን የላትም» ብሎ ሲጽፍ ገልብጬ አነበብኩት። ቀጥሎም ኮምፒውተር ነክቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያኔ ንዴቴ ገነፈለ።

«ትምህርት ቤታችን ሁለት ነበሩ፤ መብራት ስለሌለ በጨርቅ እንደተሸፈኑ ትቻቸው ወጣሁ። ጨርቁን ግን አጥቤ አውቃለሁ» አልኩት። ኮሌጅም ለሃያ ሰው አንድ ስለነበር፣ ተራዬ ሳይደርስ ደወል ይደወል እንደነበር ጨመርኩለት።

ባለሙያው ቤቷ ኮምፒውተር ስላላት ፈጥና የምትጽፍ ሌላ አመልካች እንዳለች አስታወሰ። ኃላፊዋም፣ እሷ ቤቷ ያገኘችውን ይህች እኛ ጋ ታግኘው፣ ክፍት ቦታው እንደሆነ ሁለት ነው አለች። ሦስት ወር ደሞዝ እየተከፈለኝ፣ ነባር ሠራተኛ አጠገብ ተቀምጬ እንድማር ወሰነች።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ከሦስት ወር በኋላ ካልቻለችስ?» አላት።

«ያኔ ጥፋቱ የእኛ ነዋ አባቴ፤ በደንብ አላስተማርናትም ማለት ነው።»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያልቻልኩት ነገር ሁሉ በእኔ ስንፍና ነበር የሚባለው፤ እኔም አምኜ ነበር። እነ አባ እያዩኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።